የታኅሣሥ ወፎችና የእማዬ ምጣድ

ታኅሣሥ ለእኛ በጋ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ጤፍ ይታጨዳል፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ለሰሜኑ የዓለም ክፍል ግን ክረምት ነው። ሐይቁ በረዶ ይሆናል፣ ትሉም ጥሬውም ከበረዶ ሥር ይቀበራል፣ እዚያ የተፈለፈሉት ወፎችም የሚበሉትን ፍለጋ ወደ ደቡብ ይበራሉ። ስፍር ቁጥር የሌላቸው እኛ ጋ ያርፋሉ። ቢሾፍቱ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፣ ከሰፈር ወጣ ብሎ ማየት ይበቃል። ይህን ወር ሙሉ ላያቸው፣ ልቆጥራቸውና ያየሁትን ልጽፍ ነው። ጎን ለጎን አንድ የእጅ ሥራ አለ፦ ግቢያችን ውስጥ ለወፎች የውሃ ማጠጫ እሠራለሁ። ሁለቱንም እዚሁ እመዘግባለሁ።

ታኅሣሥ 1፣ 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ሦስት ቦታ መርጫለሁ፦ ሆራ አርሰዲ፣ ጨለለቃ እና የራሳችን ግቢ። ሆራንና ጨለለቃን አብሬ የያዝኩት በምክንያት ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኞቹ፣ ሆራም ጭምር፣ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የቆፈራቸው ናቸው፤ ዳራቸው ገደል፣ ውስጣቸው ጥልቅ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ውሃ ለሚዋኝና ለሚጠልቅ ወፍ ይመቻል እንጂ ቆሞ ጭቃ ለሚለቅም ወፍ ማረፊያ የለውም። ጨለለቃ ግን ክረምት ላይ ሜዳው ላይ የሚተኛ ስስ ውሃ ነው። በጋው እየገፋ ሲሄድ ውሃው እየሸሸ ዳር ዳሩን ጭቃ ይተዋል፣ ጭቃው ውስጥ ደግሞ ትል አለ፣ ትል ባለበት ወፍ አይጠፋም። ሁለቱ ሐይቆች አንድ ከተማ ውስጥ ሆነው እንግዶቻቸው ግን አይገናኙም ማለት ይቻላል።

መሣሪያ ብዙ የለኝም። የአጎቴ ልጅ ከውጭ የላከልኝ 8 በ42 ባይኖኩላር አለኝ። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል ነው፣ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። ከዚያ በላይ የሚያቀርቡም አሉ፣ ግን እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ ለዚህ ሥራ 8 ተመራጭ ነው። ከሱቄ አንድ ደብተር አወጣሁ፣ እርሳስ ያዝኩ፣ ስልኬ ላይ መርሊን የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫንኩ። የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስላለኝ የምወጣው ከመክፈቴ በፊትና ከዘጋሁ በኋላ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቀንም እወጣለሁ።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

እማዬ የተሰነጠቀ የሸክላ ምጣድ ነበራት። ኤሌክትሪኩ ምጣድ ከተገዛ ጀምሮ ጓሮ ግድግዳ ተደግፎ የከረመ ነው። ለወፍ ውሃ ከዚህ የተሻለ ዕቃ ያለ አይመስለኝም። ጠፍጣፋ ነው፤ ትንንሽ ወፎች ከሁለት ሦስት ጣት በላይ የጠለቀ ውሃ ውስጥ አይገቡም፣ ባልዲ ውስጥማ ሊሰጥሙም ይችላሉ። ከባድ ስለሆነ ንፋስ አይገለብጠውም። ሸክላ በመሆኑም ፀሐይ ላይ እንደ ቆርቆሮ አይግልም።

«እማዬ፣ ልውሰደው?» አልኳት።

«ለምንህ?»

«ለወፎቹ፣ ውሃ ማጠጫ ላደርገው።»

«ውሰደው እንጂ ልጄ፣ ውሃ የተጠማ ማጠጣት ጽድቅ ነው» አለችና ራሷ ጎትታ አወጣችልኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ምጣዱ ጠርዝ ስለሌለው ዙሪያውን ሁለት ጣት ከፍ የሚል የሲሚንቶ ጠርዝ ያስፈልገዋል። ችግሩ እማዬ ምጣዱን ለዓመታት በጎመን ዘር ስታሸው ኖራለች። ፊቱ ጥቁር መስታወት ሆኗል፣ ሲሚንቶ ደግሞ ዘይት የጠጣ ነገር ላይ አይዝም። ስለዚህ ዳር ዳሩን አራት ጣት ያህል ስፋት በሻካራ ድንጋይና በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ቀዩ ሸክላ እስኪወጣ ድረስ። መሀሉን አልነካሁትም፤ ያ ጥቁር ፊት ውሃ እንዳያሰርግ የሚያደርገው ነው። ከዚያ የተፈገፈገውን ክፍል ውሃ አጠጣሁት፤ ደረቅ ሸክላ የሲሚንቶውን ውሃ መጥጦ ያደርቀውና ያስለቅቀዋል። የተነፋ አሸዋ ሦስት እጅ፣ ሲሚንቶ አንድ እጅ አድርጌ አቦካሁ። ስንጥቁን በዚያው ሞላሁት። ጠርዙን በውስጥ በኩል ቀጥ ሳይሆን ዘንበል አድርጌ ለሰንኩት፣ ወፉ ቀስ እያለ እየተራመደ እንዲገባ። አናቱ ላይ ደረቅ አሸዋ በተንኩበት፤ የወፍ ጥፍር የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

እርጥብ ጆንያ አልብሼው ጥላ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ሲሚንቶ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ለሳምንት ያህል ጆንያው እርጥብ ይሁን።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ሆራ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ውሃው ላይ ጉም ነበር፣ እስኪነሳ ድረስ ድምፅ ብቻ። ሲገለጥ መጀመሪያ የታየኝ የኩት መንጋ ነው፤ ጥቁር፣ ግንባሩ ነጭ፣ አናቱ ላይ ሁለት ቀይ እብጠት ያለው የውሃ ወፍ። እሱ የእኛው ነዋሪ ነው። ግሪብ የሚባሉት ትንንሽ ወፎች ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ አንዷን ጠልቃ እስክትወጣ ጠብቄ ልቆጥር ስል ሌላዋ ትጠልቃለች።

ከሰሜን ከመጡት ሾቭለር የሚባሉት ዳክዬዎች ነበሩ። ምንቃራቸው ጫፉ ላይ እንደ አካፋ ይሰፋል። የሚበሉበትን ዘዴ ማየት ደስ ይላል። በርከት ብለው ክብ ሠርተው ይዞራሉ፣ እያንዳንዱ ምንቃሩን ውሃው ላይ አስተኝቶ ከፊቱ ያለውን ተከትሎ። መዞራቸው ከሥር ያለውን ጥቃቅን ነገር ወደ ላይ ያመጣዋል፣ በምንቃራቸው ዳር ያለው ማበጠሪያ መሰል ነገር ደግሞ ውሃውን አጥልሎ ምግቡን ያስቀራል። ወንዱ አረንጓዴ ራስ፣ ነጭ ደረት፣ ሸክላማ ሆድ አለው። ሴቷ ቡናማ ናት።

አንድ የዓሣ ንስር ማዶ ገደሉ ላይ ካለ ዛፍ ሆኖ ሲጮኽ ሐይቁ ሁሉ ያስተጋባል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ከታች በኩል ነበሩ። አንዷ ቀና ብላ «ዛሬ ተርቧል መሰል» አለች፣ ሥራዋን ሳታቆም።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ጨለለቃ፣ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ገደማ። ወሩ ከገባ ጀምሮ የጠበቅኩት ይህን ምሽት ነበር።

ክሬን የሚባለው ወፍ ቁመቱ የሰው ደረት ይደርሳል። ግራጫ ነው፣ አንገቱ ጥቁርና ነጭ፣ አናቱ ላይ ትንሽ ቀይ። ፊንላንድና ኢስቶኒያ ምልክት ተደርጎባቸው የነበሩ ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ እንደሚመጡ ታውቋል። ጣና ዳርቻ በብዙ ሺዎች ሆነው ይከርማሉ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይም ይታያሉ፣ ጨለለቃም ከማደሪያዎቻቸው አንዱ ነው። ቀን ቀን የታጨደ ማሳ ላይ ጥሬ ሲለቅሙ ይውላሉ። ማታ ግን ውሃ ውስጥ ቆመው ነው የሚያድሩት። ጅብም ቀበሮም ውሃውን እያንቦጫረቀ ሳይሰማ ሊቀርባቸው ስለማይችል ነው። ስለዚህ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ የሚለቅሙት የእህል ማሳና በአቅራቢያው ጉልበት የማይሞላ ውሃ። በቢሾፍቱ ዙሪያ ያለው አድኣ ሁለቱንም አጎራብቶ ይሰጣቸዋል።

ድምፃቸው ቀድሞ መጣ። እምቢልታ የሚመስል ነው፣ ከብዙ ርቀት ይሰማል። ከዚያ በስተምሥራቅ ቀጭን መስመር ታየ፣ ቀጥሎ ሌላ። በቪ ቅርጽ ይመጡና ከውሃው በላይ ሲደርሱ ቅርጹን ያፈርሱታል፣ እግራቸውን አንጠልጥለው ክንፋቸውን ዘርግተው ቀስ ብለው ይወርዳሉ። አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አሥር ወፍ ምን ያህል ሰማይ እንደሚሸፍን ዓይንን ማስለመድ፣ ከዚያ መንጋውን በአሥር አሥር መቁረጥ። መንጋው ሲበዛ በሃምሳ። ደብተሬ ላይ እያንዳንዱን መንጋ ከሰዓቱ ጋር ጻፍኩ። ሲጨልም ደመርኩት፣ አራት መቶ አለፈ።

የጨረቃዋ ሙላት ነበር። ፀሐይ በምዕራብ ስትጠልቅ ጨረቃዋ በምሥራቅ ወጣች፣ እና የመጨረሻዎቹን መንጋዎች በእሷ ብርሃን ነው የቆጠርኳቸው። እረኛ ልጆች ከብት እየነዱ አጠገቤ ቆመው ባይኖኩላሩን ተቀባበሉ። «ኧረ ዓይኑ ቀይ ነው!» አለ አንዱ። እኔ እስከዚያ ድረስ የዓይናቸውን ቀለም ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

መብራት የለም። ሱቁ ባዶ። ጆንያውን አረጠብኩ። ጠርዙን በጥፍሬ ስነካው ጠንክሯል፣ አልሰነጠቀም።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

ጆንያው ተነሳ። አዲስ ሲሚንቶ ውሃ ውስጥ ኖራ ይለቃል፣ ለወፍ ጥሩ አይደለም፤ ስለዚህ ከትናንት ጀምሮ ውሃ እየሞላሁ እያሳደርኩ ደፋሁት። ከሦስት የባሕር ዛፍ አጣና እግር ሠራሁለት፣ ከላይ በሽቦ አሰርኳቸው። ቁመቱ እስከ ወገቤ ነው። እያንዳንዱ እግር ላይ የቆርቆሮ ቁራጭ ጠቅልያለሁ፣ የጎረቤት ድመት እንዳትወጣበት። ቦታውን ስመርጥም ያሰብኩት ድመቷን ነው። ከቁጥቋጦው ራቅ ማለት አለበት፣ ተደብቃ እንዳትዘል። ከዛፍ ግን በጣም መራቅ የለበትም፣ ወፎቹ ደንግጠው ሲነሱ የሚያርፉበት ቅርንጫፍ ይፈልጋሉ። ከቁንዶ በርበሬው ዛፍ አራት እርምጃ ላይ አቆምኩት። መሀሉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖርኩ።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የሚጣል ውሃ የለንም። የአትክልት ማጠቢያውን የመጨረሻ እጣቢ፣ ሳሙና ያልነካውን፣ እማዬ በጣሳ ታስቀምጥልኛለች። በየቀኑ መቀየር ግዴታ ነው። አንደኛ ወፎች ኩሳቸውን ይጥሉበታል፣ ሁለተኛ የቆመ ውሃ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ትንኝ ያሳድጋል፣ ቢሾፍቱ ደግሞ ወባ አለ። የተቀየረው ውሃ አይጣልም፣ ጎመኑ ሥር ይደፋል።

ማታ ድረስ ማንም አልመጣም።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

መጡ! ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጀመሪያ የደረሱት ድንቢጦች ናቸው፤ እነሱን ማንም አይቀድማቸውም። ከእነሱ ቀጥሎ አንድ ዋኖስ መጣች። ሌሎቹ ወፎች ጎንጨት አድርገው አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና ያደርጋሉ፣ እሷ ግን ምንቃሯን ነክራ እንደ ከብት ትመጥጣለች። እርግቦችና ዋኖሶች ብቻ ናቸው ከምናውቃቸው ወፎች መካከል እንዲህ የሚጠጡት ማለት ይቻላል። ወደ 5 ሰዓት ላይ ጉንጩ ቀይ፣ ሆዱ ሰማያዊ የሆነው ትንሹ ወፍ ከሚስቱ ጋር መጣ። መሀል ድንጋዩ ላይ ቆመ፣ ውሃውን ዓየው፣ ወረደ። ክንፉን ሲያርገፈግፍ ውሃው እማዬ የዘረጋችው በርበሬ ላይ ተረጨ። ከዛሬ ጀምሮ በርበሬው ሌላ ቦታ ይሰጣል።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ዛሬ ሐይቅ ትቼ ማሳ ሄድኩ። ክሬኖቹ ቀን የት እንደሚውሉ ማየት ፈልጌ ነው።

አድኣ የጤፍ አገር ነው፣ ያንን ማን ያጣዋል። ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዝርያ ራሱ እዚሁ ደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ነው። ከተማው ዳር ያለው ማሳ ታጭዶ ክምር ተሠርቷል፣ አንዳንዱ አውድማ ላይ በሬ እየተነዳ ይበራያል። የታጨደው መሬት ላይ ክሬኖቹ ተበትነው ይለቅማሉ። ብትን ይመስላሉ እንጂ ብትን አይደሉም። ቀስ ብሎ ላያቸው ሰው ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት ናቸው፦ አባት፣ እናት፣ አንድ ወይም ሁለት ልጅ። ልጁ ራሱ ቡናማ ነው፣ አናቱ ገና አልቀላም። እዚያ ሩቅ አገር ረግረግ ላይ የተፈለፈለውን ልጅ አምጥተው፣ የእኛን በጋ ሙሉ አጠገባቸው አድርገው፣ መንገዱን አሳይተው ነው የሚመልሱት። አንዱ ሲበላ አንዱ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ልጁ ከሁለቱ መሀል አይወጣም።

የማሳው ባለቤት አዛውንት ናቸው። አክብሬ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠሁ፣ ወሬ ጀመርን። ጤፉ ላይ የወደቀውን ጥሬ ቢለቅሙ ግድ የላቸውም። ቅር የሚላቸው ሽምብራው ላይ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጥቁሩ አፈር ላይ የተዘራው ሽምብራ አሁን እሸት ነው፣ ክሬኖቹ ደግሞ እሸቱን ይወዱታል።

«ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ጥበቃ እልካቸዋለሁ» አሉኝ። «አንድ ሁለት ቀን ያባርሯቸዋል፣ ከዚያ እነሱም ይለምዷቸዋል።»

«አይጎዷቸውም ጋሼ?»

«ለምን ብለን? ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ሲመጡ አውቃለሁ። አጨዳ ላይ ይመጣሉ፣ በልግ ሳይገባ ይሄዳሉ። ግን የሽምብራዬን ዋጋ የሚከፍለኝ የለም።»

የመጨረሻዋን ቃል ደብተሬ ላይ ቃል በቃል ጻፍኳት። ወፍ ይጠበቅ የምንል ሰዎች ይህን ጥያቄ መመለስ አለብን። ወፉን የሚያበላው ገበሬው ነው፣ እኛ በባይኖኩላር የምናይ አይደለንም። ሲሸኙኝ አንድ እቅፍ እሸት ሰጡኝ፣ ጾም ስለሆነ እማዬ ቆላችው፣ ማታ ከሻይ ጋር በላን።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

ወደ ሱቅ ስሄድ ሜዳው ላይ ላሞች ይግጣሉ፣ ከእግራቸው ሥር ቢጫ ሆድ ያላቸው ትንንሽ ወፎች ጭራቸውን ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዙ ይሯሯጣሉ። ዋግቴይል ናቸው፣ ከሩቅ ሰሜን የመጡ። ክብደታቸው ሃያ ግራም አይሞላም። ላሟ ስትራመድ ከሣሩ የሚነሳውን ዝንብ ይለቅማሉ። ላሟ አፍንጫ ሥር ድረስ ገብተው አይፈሩም። ከብት ባይኖር እዚያ ሜዳ ላይ ባልነበሩ።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ግቢ። ቁንዶ በርበሬው ላይ ብላክካፕ የሚባለውን ወፍ አየሁ! ወንዱ ጥቁር ቆብ፣ ሴቷ ቡናማ ቆብ የደፋች፣ ሌላው ገላቸው አመድማ። ፍሬውን ይበሉና ወደ ምጣዱ ይወርዳሉ። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ መስኮቱ አጠገብ ወንበር አምጥታ ራሷ መመዝገብ ጀምራለች። ስማቸውን ስለማታውቅ ሥዕል ትሠራለች። ከኔ ደብተር የእሷ ይሻላል፤ እኔ «ብላክካፕ፣ ወንድ፣ 1» ስል እሷ ወፉ ውሃ ከመግባቱ በፊት ስንት ጊዜ ግራና ቀኝ እንደዞረ ትጽፋለች።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ቁልቢ ገብርኤል። ሰሞኑን አውራ ጎዳናው ወደ ምሥራቅ በሚሄድ መኪና ተጨናንቆ ሰነበተ፤ ጣሪያው ላይ ጃንጥላ የተጫነበት፣ መዝሙር የተከፈተበት። ዛሬ እማዬ ሰፈር ካለው ታቦት ጋር ዋለች፣ እኔ ከቅዳሴ መልስ ማሳ ወጣሁ።

የተገለበጠ አፈር ላይ ትልቅ ቡናማ ንስር ቆሟል። እዚህ ሁለት የሚመሳሰሉ አሉ፦ አንዱ ዓመቱን ሙሉ የእኛው፣ ሌላው ስቴፕ ኢግል የሚባለው ከካዛኪስታንና ከሩሲያ ሜዳ የሚመጣው። መለያው አፉ ነው። የአፉ ዳር ቢጫ መስመር ከዓይኑ መሀል ሥር ካቆመ የእኛው ነው፤ የዓይኑ መጨረሻ ድረስ ከሄደ እንግዳው። ባይኖኩላሬን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ብዙ ጠበቅኩ፣ ፊቱን ሲያዞርልኝ ቢጫው መስመር ከዓይኑ ኋላ ድረስ ይሄዳል፣ ፈገግ ያለ ያስመስለዋል። ይህ ወፍ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተመዝግቧል። ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው፤ ሰፊ ክንፉ ሁለት ሽቦ በአንዴ ይነካል። ከቆመበት ማዶ የምሰሶ ረድፍ አለ፣ ሲነሳ ወደዚያ እንዳይሄድ ልቤ ተንጠልጥሎ ተመለከትኩት። በሌላ በኩል ሄደ።

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

ጨለለቃ። ውሃው ወሩ ሲገባ ከነበረበት ብዙ ሸሽቷል፣ ጭቃው ሰፍቷል። ጭቃው ላይ ሊትል ስቲንት የሚባሉት ጥቃቅኖች እንደ ስፌት መኪና መርፌ ምንቃራቸውን ይወጋሉ፣ ያወጣሉ። የሚፈለፈሉት አርክቲክ ዳርቻ ነው፣ ዛፍ በማይበቅልበት ምድር። ድንቢጥ የምታህል ፍጥረት ያንን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ፣ ኮንዶሚኒየም የሚታይበት ጭቃ ላይ ትል ትለቅማለች።

በምዕራብ ዳር ገልባጭ መኪና የግንባታ አፈርና ፍርስራሽ እየደፋ ነበር። ከአንዱ ክምር አጠገብ ሌላ፣ ከዚያ አጠገብ ሌላ። ጨለለቃ ስስ ነው፤ ጥልቅ ሐይቅ ውስጥ አንድ መኪና አፈር ቢደፋ ላይታወቅ ይችላል፣ እዚህ ግን አንዱ ክምር አንድ መንጋ የሚያድርበትን ቦታ ይወስዳል። በጋ ላይ ደርቆ ሲያዩት ባዶ መሬት ይመስላቸዋል። ባዶ አይደለም፣ ውሃው ዕረፍት ላይ ነው እንጂ። ክረምት ሲመጣ ውሃው የለመደውን ቦታ ሲያጣ የሚገባው ሰው ቤት ነው፤ ይህን ሰፈር ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ፎቶ አንሥቻለሁ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፌያለሁ። የቀበሌውን ጉዳይ ከሚያውቅ ጓደኛዬ ጋር ማመልከቻ እየጻፍን ነው።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ሌሊት ለ10 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው አልጋው ተነቃነቀ፣ የብርጭቆ መደርደሪያው ተንቀጫቀጨ። ሰሞኑን በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት መንቀጥቀጡ አላባራም፣ የዛሬው ግን ከ5 በላይ ነው ተባለ፣ ከእስካሁኖቹ የከበደ። ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን ደርቦ ግቢ ወጣ። እማዬ «እግዚኦ» እያለች በር ላይ ቆመች። ጣሪያው ላይ የሚያድሩት እርግቦች በጨለማው ተነሥተው ክንፋቸውን ሲያራግቡ ሰማን፣ ከዚያ ዝም አለ። ምጣዱ ውስጥ ያለው ውሃ በባትሪ ሳየው ገና ከጠርዝ ጠርዝ ይወዛወዛል። ሲሚንቶው ደህና ነው።

ጠዋት ድንቢጦቹ በሰዓታቸው መጡ። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ የአፋርን ወገኖቻችንን ዜና ስንከታተል ዋልን፤ ስንቱ ቤቱን ጥሎ እየወጣ ነው። የጽሕፈት ሥራ አልነበረኝም፣ ለመቁጠርም ልብ አልነበረኝም።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ፣ ገና

ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ጾም ነበር፣ ሰፈሩ ሥጋ አልቆረጠም። የቤት ጣሪያ ላይ ቆመው ግቢ ግቢውን የሚቃኙት ጭልፊቶችና አሞራዎች ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ሲበሉ እንደከረሙ እነሱ ያውቃሉ። ትግራይ ውስጥ ጅቦች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ በዐቢይ ጾም ከሰው ቤት የሚጣል የሥጋ ትርፍ ሲጠፋ ጅቦቹ አህያ ወደ ማደን ይሄዳሉ። ወፎቹም የእኛን የቀን መቁጠሪያ ይኖሩታል ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ገና ጎህ ሳይቀድ በሁሉም ግቢ በግና ዶሮ ይታረዳል። 1 ሰዓት ላይ ሰማዩ በጭልፊት ተሞላ። ወንድሜ የዶሮውን አንጀት በሳህን ይዞ ሲሻገር አንዱ ከኋላው መጣ፤ ክንፉን አጥፎ ወረደ፣ በእግሩ ላፍ አደረገ፣ ሳይቆም እየበረረ አየር ላይ እየበላው ሄደ። ሳህኑ እንኳ አልተዘነበለም። የእህቴ ልጅ በደስታ ጮኸች፣ አያቷ ደግሞ የቀረውን ሥጋ ቶሎ አስገቡ ብላ ጮኸች።

ከምሳ በኋላ ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ መጡ። ምጣዱን አይተው ከንፈር የመጠጡ ነበሩ፣ የሸክላ ምጣድ አሁን ውድ ነው። ከሲኒው ሁለተኛ ዙር በኋላ ግን ሁሉም ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። ብላክካፑ መጣ፣ ማንም አልተነፈሰም።

ታኅሣሥ 30፣ ረቡዕ

ወሩ አለቀ። የመጨረሻው የክሬን ቆጠራ ትናንት ማታ ከበዓሉ ተነሥቼ የሄድኩት ነው። ቁጥሩ ወሩ መጀመሪያ ላይ ካየሁት ያነሰ ነው፣ ሦስት መቶ ግድም። ውሃው ስለሸሸ ወደ ሌላ ማደሪያ የሄዱ ይመስለኛል። ሆራ ላይ ሾቭለሮቹ ጨምረዋል። ሁለቱ ከአንድ ምክንያት የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስስ ውሃ ሲደርቅ ዳክዬ ጥልቁ ላይ መቆየት ይችላል፣ ክሬን ግን አይችልም። በሚቀጥለው ወር ሁለቱንም ቦታ በአንድ ቀን ቆጥሬ አረጋግጣለሁ።

በየዓመቱ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ ላይ በብዙ አገሮች የውሃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፣ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው፣ ኢትዮጵያም ትሳተፋለች። የእኔን ደብተር በሥርዓቱ ገልብጬ ኢበርድ የሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ እያስገባሁ ነው፣ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ቁጥሩ። የጨለለቃ ማመልከቻም ከፎቶዎቹ ጋር ተጠርዞ አልቋል፣ ሰኞ ይገባል። የክሬኖቹን ቁጥር ከነቀኑ አባሪ አድርገነዋል።

ሰፈር ውስጥ የተሰነጠቀ ምጣድ ያላቸው ሁለት ቤቶች ተገኝተዋል። አንዷ ትናንት ከንፈር የመጠጡት ናቸው። ሲሚንቶ ተርፎኛል፣ አሸዋው አልተነፋም። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንጀምራለን፣ የእህቴ ልጅ ፍግፈጋውን ትይዛለች።